የማርያምወርቅ፣ ባሏና የማይለቀው ፈንገስ

የማርያምወርቅን የማያውቅ ሰው፣ ሲግናል ሰፈር ጎመን ገዝቶ አያውቅም ማለት ነው። እንጦጦ ወገብ ላይ፣ ባሕር ዛፉ ሳሳ ብሎ ማሳ ከሚጀምርበት ጓሮዋ የቆረጠችውን ጎመንና ቆስጣ በማዳበሪያ ከረጢት አዝላ በማለዳ ትወርዳለች። ፈረንሳይ ሰፈር ስትደርስ ሚኒባስ ትይዛለች። ረዳቱ ከረጢቱን አይቶ ፊቱን ሲያጠቁርባት፣ ነገ ሚስትህ የምትቀቅልልህን እኮ ነው የምጭነው ብላ አስቃው ትሳፈራለች። ጉልቷ ላይ ዘርግታ ውሃ ስትረጭበት ቅጠሉ ያበራል፤ እሷም አብራው ታበራለች። ድምጿ ትልቅ ነው፤ ሳቋ ደግሞ ከድምጿ ይብሳል። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ አንዲት ልጇን አስተምራ ደብረ ብርሃን ላይ ለሥራ ያበቃች፣ ሰው የሚወዳት ሴት ናት።

እንግዲህ ይህች ሴት በሳቋ ሥር የሸሸገችው ነገር ነበራት። ያሳክካታል። የሚያሳክካት ደግሞ ሰው ፊት እጅ በማይሄድበት ቦታ ነው። ጉልት ላይ ተቀምጣ ደንበኛ እያስተናገደች እግሯን ታጣምራለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ታጣምራለች፤ ከታች እሳት ነው፣ ከላይ ፈገግታ። ነጭ ፈሳሽ አለ፣ ሽንቷ ሲወርድ ያቃጥላታል፣ ባልና ሚስት የሚሆኑበት ሌሊትማ ሥቃይ ሆኖባታል።

ፋርማሲ ገብታ ይህን ለአንድ ጎረምሳ መናገር ስላፈረች ጎረቤቷን ሥርጉትን ላከች። ሥርጉት ለራሷም ደርሶባት ስለሚያውቅ የመድኃኒቱን ስም እንደ ልጇ ስም ነው የምትጠራው፤ ፍሉኮናዞል። አንዲት እንክብል ናት፤ አንዴ ትዋጣለች፣ አለቀ። የማርያምወርቅ ዋጠች፤ ጥቂት ቀለል አላትና ተመለሰ። ደገመች፤ ተመለሰ። ጸበል ገባች፤ ቀዝቃዛው ውሃ ሲነካት እፎይ አለች፣ ሰነባብቶ ተመለሰ። ፈሳሽ ያለባት ሴት ቅጥር ግቢ አትገባም ብላ ራሷን በራሷ ስላገደች፣ ከመንደሩ በላይ ባለችው ቤተ ክርስቲያን የውጭ በር ላይ ቆማ ማስቀደስ ጀመረች። ከባሏ ጋር በቁርባን የተጋቡ፣ አብረው ሲቆርቡ የኖሩ ሰዎች ናቸው። አሁን እሱ ውስጥ፣ እሷ በር ላይ።

ሁሉ አልሆን ሲላት እፍረቷን በነጠላዋ ሸፍና ሲግናል አጠገብ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሄደች። ስኳር መረመሯት፣ ኤች አይ ቪ መረመሯት፤ ከሁለቱም ነፃ ናት። እዚያ ነው ጊፍቲን ያገኘቻት። ጊፍቲ ለዶክትሬቷ ምርምር የምትሠራ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰች፣ ስትናገር እጇ የማያርፍ ልጅ ናት። የማርያምወርቅ ገና ስታያት ዶክተር አለቻት። ልጅቷ፣ ዶክተር ገና አልሆንኩም ብትላት፣ እኔ ከዩኒቨርሲቲው ቀድሜ ሾሜሻለሁ ብላ መለሰችላት።

ጊፍቲ የምትፈልገው እንዲህ ያለ በሽታ እየሄደ የሚመለስባቸውን ሴቶች ነበር። ናሙና ወስዳ ፈንገሱ የትኛው ዓይነት እንደሆነ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው፣ ደግሞም ተመልሶ የመጣው ያው የበፊቱ ይሁን ሌላ አዲስ ታጣራለች። ይህን ሁሉ በትዕግሥት አስረዳቻት። የማርያምወርቅ ከዚህ ሁሉ የሰማችው የሚገድለውን መድኃኒት የሚለውን ብቻ ነው። እሺ አለች። በሽታው በተነሣባት ቁጥር ትሄዳለች፣ ጊፍቲም ናሙና ትወስዳለች፤ ውጤቱ ግን ሩቅ ነው፣ ላብራቶሪው ሥራ ይበዛበታል ተባለ።

አሁን ወደ ባሏ እንምጣ። አባይነህ አናጢ ነው። እጁ ሰፊ፣ አፉ ጠባብ፤ እሷ ሃምሳ ቃል ስትናገር እሱ አንድ ይመልሳል፣ ያችም «እሺ» ናት። ሥራው የካ አባዶ ነው፤ እዚያ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሁሉ በርና ቁም ሣጥን ያሠራል። መንገዱ ሩቅ፣ የሚኒባስ ሰልፉ ደግሞ ከመንገዱ የባሰ ስለሆነ፣ ሰኞ ሄዶ እዚያው እያደረ ቅዳሜ ይመለሳል።

አንድ ቀን ሥርጉት ጎመን እያገዘቻት ስትለቅም፣ ሳታስብበት ይሁን አስባበት እግዜር ይወቀው፣ እንዲህ ያለው ነገር ከወንድ ነው የሚመጣው አለቻት። ቅዳሜ ይመጣል፣ ሰኞ ያሳክክሻል፤ ምን ምሥጢር አለው?

«የካ አባዶ ያለው በር ብቻ መሰለሽ?» አለችና ሳቀች።

የማርያምወርቅም ሳቀች። ቃሉ ግን እንደ እሾህ ገብቶ ቀረ። ከዚያ ወዲያ አባይነህ የሚያደርገው ሁሉ ማስረጃ ሆነባት። ሲዘገይ ማስረጃ፣ ቀድሞ ሲመጣ ማስረጃ። ሸሚዙን አጥቦ ሲመጣ፣ ማን አጠበለት? ሳያጥብ ሲመጣ፣ ምን ቢጣደፍ ነው? አንድ ቅዳሜ ሁለት እንክብል አስገዝታ አንዱን ዘረጋችለት። ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀም፤ ውሃውን ተቀብሎ ዋጠ። እሷም፣ ንጹሕ ሰው የማያውቀውን መድኃኒት ለምን ይውጣል አለች በሆዷ። ባይውጥ ኖሮ ደግሞ፣ ንጹሕ ከሆነ ምን አስፈራው ትል ነበር። ጥርጣሬ እንዲህ ነው፤ የሰጡትን ሁሉ ይበላል፣ አይጠግብም።

በመጨረሻ «ማልልኝ» አለችው።

ይህን ቃል ስታወጣ ምን እየጠየቀች እንደሆነ አሳምራ ታውቅ ነበር። የአባይነህ ቤተሰብ አይምልም። አባቱ በወሰን ክርክር፣ በእውነተኛ ጉዳያቸው፣ የቤተ ክርስቲያን በር ይዘው ምለው ረቱ፤ በዚያው ክረምት የበኩር ልጃቸው ሞተ። ሰውዬው እስኪያልፉ ድረስ፣ እውነትም ቢሆን አትማሉ፣ መሐላ እውነትና ሐሰት አይለይም ሲሉ ኖሩ። ሰው ሁሉ በየቃሉ «ማርያምን» በሚልበት ከተማ፣ አባይነህ በቀልድ እንኳ ይህ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። የማርያምወርቅ የጠየቀችውም ይህን ስላላወቀች አይደለም፣ ስላወቀች ነው። ለእኔ ብሎ ይህን ፍርሃት ከተሻገረው ንጹሕ ነው፤ ካልተሻገረው ግን ነገሩ አለ ማለት ነው ብላ ቆረጠች።

«አልምልም ወርቄ» አለ። «ሌላ የፈለግሽውን ጠይቂኝ።»

«ሌላ አልፈልግም።»

አባይነህ መዶሻና መጋዙን ሸክፎ ወረደ። ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣቱንም ተወ።

ነገሩ ለሽማግሌ ደረሰ። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት ጋሽ ቱሉ ናቸው፤ ዳገቱ ላይ ያለ ጠብ ሁሉ በእሳቸው በኩል ካላለፈ ጠብ አይባልም። የነፍስ አባታቸው አባ ጸሐዬም ተጠሩ። የማርያምወርቅ ሕመሟን በስሙ መጥራት ስላልቻለች «ከውጭ በሽታ ይዞብኝ መጥቷል» ብቻ ብላ አንገቷን ደፋች። ሽማግሌዎቹም ሴትን ስለዚህ ዓይነት ነገር መጠየቅ ነውር ሆኖባቸው፣ የቱ በሽታ፣ ከየት፣ ማን ነገረሽ ሳይሉ ተቀበሏት። እንዲህ ሆኖ ማንም ስሙን ባልጠራው በሽታ አንድ ሰው ተከሰሰ።

ጋሽ ቱሉ ነገሩን አጭር አደረጉት፤ የቁርባን ጋብቻ የሚፈርሰው በዝሙት ነው፣ ስለዚህ ይማልና ይለይለት። አባ ጸሐዬ፣ ወንጌል ከቶ አትማሉ ይላል ብለው ተከራከሩ። ጋሽ ቱሉ፣ ወንጌሉ እውነት ነው፣ አገር ደግሞ ደንብ አለው አሉ። አባ ጸሐዬ፣ እንግዲያው እኔ ቆሜ አያለሁ እንጂ አላስምልም ብለው አኮረፉ። ቀጠሮው ለኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ ሆነ። አባይነህ በሩን ይዞ ይምላል፤ ካልማለ ይለያያሉ። መልሱ በስልክ መጣ፤ እንደ ልማዱ አንድ ቃል ናት።

«እሺ።»

የማርያምወርቅ ያችን እሺ ስትሰማ ደስ አላላትም። ያሸነፈች መስሏት ነበር እኮ። ግን የአባቱን ታሪክ የነገራት ጊዜ፣ ገና ሙሽሮች ሳሉ፣ ፊቱ እንዴት እንደገረጣ ትዝ አላት። ቢሆንም ወደኋላ አላለችም፤ የወጣ ቃል አይመለስም ብላ ጥርሷን ነከሰች።

በዋዜማው ጊፍቲ ደወለች። ውጤቱ ደርሷል፣ ነገ ጠዋት ይምጡ። የማርያምወርቅ ነገ ባሌ የሚምልበት ቀን ነው አላለችም፤ እንዲህ ያለ ነገር ለነጭ ጋዋን አይነገርም። መድኃኒቴን ተቀብዬ ቅዳሴው ሳይወጣ እመለሳለሁ ብላ በማለዳ ወረደች።

ጊፍቲ ስልኳን ከፍታ ፎቶ አሳየቻት። ክብ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ሳህን ነው፤ ላዩ ላይ ነጭ ነገር እንደ አመዳይ ተነጥፎበታል።

«ይሄ ከእርስዎ የወሰድነው ፈንገስ ነው» አለች።

የማርያምወርቅ መጀመሪያ አፈረች፤ ቀጥሎ አጎንብሳ አየችው። ይህን ያህል ዘመን ያነደዳት ጠላት መልኩ ይኼ ነው? ነጭነቱ መሐል መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ተቀምጠዋል። ጊፍቲ በጣቷ እየጠቆመች አስረዳቻት። መድኃኒቱ ፈንገሱን የሚገድል ከሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ባዶ ክብ ይታያል፤ ኒስታቲን የሚባለው ዙሪያውን አራቁቶታል። የፍሉኮናዞሉ ወረቀት ግን ፈንገሱ እስከ ጠርዙ ድረስ በቅሎበት፣ ጥርስ እንደሌለው ዘበኛ ቁጭ ብሏል።

«ይሄንን ነው እኔ ስውጥ የኖርኩት?»

«አዎ እትዬ። ካንዲዳ የምንላቸው ፈንገሶች ዓይነታቸው ብዙ ነው። ብዙዎቹ በፍሉኮናዞል ይሞታሉ። የእርስዎ ግላብራታ የሚባለው ነው፤ እሱ ትንሽ ይደበቅና መልሶ ይነሣል።»

ከዚያ ጊፍቲ ወንበሯን ቀረብ አደረገች። በየጊዜው የወሰደቻቸውን ናሙናዎች ዘረ መል አወዳድረው ነበር። ነገሩ እንደ ጣት አሻራ ነው አለች፤ ከሌላ ቦታ አዲስ ፈንገስ ቢመጣ ኖሮ አሻራው ይለያል።

«የእርስዎ ሁሉም አንድ ነው። ሄዶ የተመለሰ አይደለም፤ መጀመሪያውኑ አልሄደም።»

የማርያምወርቅ ሳህኑን ደግማ አየችው። ጓሮዋ ውስጥ ያለው ሰርዶ ትዝ አላት። ላዩን ታጭደዋለህ፣ ጸዳ ትላለህ፤ ሥሩ ከአፈር በታች ተጋድሞ ቀኑን ይጠብቃል። ሲበቅል ደግሞ ጎረቤት ዘራብኝ ብለህ ትጣላለህ።

«እና… ቅዳሜ ቅዳሜ ከውጭ የሚመጣ አይደለም?» አለች።

«ማን ነው ቅዳሜ የሚመጣው?»

«ባሌ።»

ጊፍቲ ነገሩ ገባት። ስልኳን አስቀመጠች።

«እትዬ፣ እኔ የማውቀው የፈንገሱን ነው። ባለቤትዎ የት እንደዋሉ ሳህኑ ላይ አይታይም፤ እሱን አውቃለሁ ብል እዋሻለሁ። ግን ይሄ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ከሰው የሚጋባ አይደለም፤ በራስ ገላ ውስጥም ይኖራል። ያስቸገርዎት ደግሞ ያው የድሮው ነው። ለመመለስ ባል አያስፈልገውም።»

የማርያምወርቅ ሰዓቱን ጠየቀች። ጊፍቲ ስትነግራት ከወንበሩ ተነሣች፤ ቅዳሴው ሊወጣ ነው። የጤና መኮንኑ ያዘዘላትን ኒስታቲን በላስቲክ ቋጥራ እየሮጠች ወጣች። ማታ ማታ ወደ ውስጥ የሚገባ ነው፣ ተሻለኝ ብለው እንዳያቋርጡ እያለች ጊፍቲ እስከ በሩ ተከትላ ታስረዳታለች፤ እሷም እሺ እሺ ትላለች።

አባይነህ ስልኩን ዘግቷል። ሥርጉት ዘግታለች። አባ ጸሐዬማ መቅደስ ውስጥ ናቸው። ሰው ሁሉ ለእግዚአብሔር ብሎ ስልኩን ባጠፋበት ሰዓት፣ የማርያምወርቅ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣ በእግሯ ወለሉን ትገፋለች፤ መኪናው በእሷ ጉልበት የሚፈጥን ይመስል። ሾላ ላይ መንገዱ ተዘጋ። አንድ አሮጌ የጭነት መኪና መሐል መንገድ ላይ ፍሬኑ ነክሶበት ቆሟል። ሹፌሩ ወርዶ ጎማውን በእግሩ ይጠልዛል፣ ሰው ጥሩምባ ይነፋል። ልጅቷ ቀድማ ብትደውል ኖሮ፣ እኔ ቀድሜ ብጠይቅ ኖሮ፣ ያች ማልልኝ ከአፌ ባልወጣች ኖሮ፤ ይህን ሁሉ ስትል ፈረንሳይ ደረሰች።

ከዚያ ዳገቱን በእግሯ ተያያዘችው። ሯጮች ልምምድ ላይ ነበሩ፤ ቱታ የለበሱ ቀጫጭን ልጆች እንደ ንፋስ ያልፏታል። እሷ በነጠላና በላስቲክ ጫማ፣ መድኃኒቷን ደረቷ ላይ አጣብቃ፣ ከመሐላቸው ገብታ ትሮጣለች። አንዷ ሯጭ ዞር ብላ አየቻትና ፍጥነቷን ቀነሰች።

«እትዬ፣ ትንፋሽዎን በአፍንጫዎ ይሳቡ፤ በአፍዎ ሲሆን ያደክማል» አለቻት።

የማርያምወርቅ ለመመለስ ትንፋሽ አልነበራትም። በአፍንጫዋ ሳበች። እውነትም ይሻላል።

ከቤተ ክርስቲያኑ ስትደርስ ሕዝቡ ገና አልተበተነም። ሴቶቹ ጥዱ ሥር ናቸው፣ ሥርጉትም አለች። ጋሽ ቱሉና ጓደኞቻቸው ከደረጃው ግርጌ ቆመዋል፤ አባ ጸሐዬ መስቀላቸውን ይዘው ፈንጠር ብለው ወደ ሰማይ ያያሉ። አባይነህ ጫማውን አውልቆ፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ደረጃው ላይ ወጥቷል። ቀኝ እጁ ወደ በሩ ተዘርግቷል። ያ በየቀኑ ምስማር የሚመታ፣ ዒላማውን የማይስት እጅ በሩን ሊነካ ስንዝር ያህል ቀርቶታል።

የማርያምወርቅ የውጭውን በር አልፋ ገባች። ያን ያህል ዘመን ቆማ የቀረችበትን በር ስታልፈው አልታወቃትም።

«አባይነህ፣ አትማል።»

እጁ አየር ላይ ቀረ። ጋሽ ቱሉ ዞር አሉ። ቀጠሮው ያንቺ፣ ክሱም ያንቺ፣ አሁን ደግሞ ምን ሆንሽ አሏት። እሷም ትንፋሿ እስኪመለስ ጉልበቷን ይዛ ቆየች። ምን ትበል? ሽማግሌ አለ፣ ቄስ አለ፣ አገር አለ። ታርቀናል ብትል ይበቃ ነበር። ግን ታርቀናል የሚባለው ጥፋተኛ ላለበት ነው፤ በዚያ ቃል ብትመልሰው አባይነህ ዕድሜውን ሁሉ ምሕረት የተደረገለት አመንዝራ ሆኖ ይቀራል። ይህ ሲገባት ቀና አለች።

«ሕመሙ የራሴ ነው» አለች። «ገላዬ ውስጥ የሚኖር ፈንገስ ነው። ያሳክከኛል፣ ፈሳሽ አለው። በተመለሰ ቁጥር እሱ አመጣብኝ አልኩ። ዛሬ ጤና ጣቢያ ነገሩኝ፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያው አንዱ ነው፣ ወጥቶ የገባ የለም። የዋጥኩት መድኃኒትም ላዩን እንጂ ሥሩን አልነካውም።»

አንዱ ሽማግሌ ሳል ያዛቸው፤ ሌላው ከዘራቸውን እንደ አዲስ ያዩት ጀመር። ጋሽ ቱሉ ግን በቀላሉ የሚለቁ ሰው አይደሉም።

«ጤና ጣቢያ የባል ታማኝነት መመርመር ጀመረ እንዴ?»

«አልመረመረም ጋሼ፤ ልጅቷም እሱን አላውቅም ብላኛለች። ግን እኔ ከሳሽ ነኝ፣ ያለኝም ምስክር ያ በሽታ ብቻ ነበር። ምስክሬ ውሸታም ሆኖ ተገኘ። ምስክር ከሌለኝ ክስ የለኝም፣ ክስ ከሌለኝ ደግሞ ሰውዬው በምን ይምላል?»

ጋሽ ቱሉ አገጫቸውን አሻሹ። በሽምግልና ደንብ ይህ መልስ የሚረታ መልስ ነው፤ እሳቸውም ደንብ አዋቂ ናቸው።

«ይሄን ቀድመሽ መናገር ነበረብሽ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ቀድመው ቢጠይቁኝ ኖሮ።»

«ይሄማ እንዴት ይጠየቃል ልጄ?»

ሁሉም መሬት መሬት አዩ። አባ ጸሐዬ ብቻ ፊታቸው በርቶ፣ ወንጌሉም የሚለው ይህንኑ ነው አሉ፤ ወንጌሉ ስለ ፈንገስ የቱ ላይ እንደተናገረ የጠየቃቸው አልነበረም።

አባይነህ ከደረጃው ወርዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫማውን አጠለቀ። የማርያምወርቅ በደንቡ እግሩ ላይ ልትወድቅ ጎንበስ ስትል ክንዷን ይዞ አቆማት። ሰው ሁሉ አሁን ይተቃቀፋሉ ብሎ ጠበቀ። እሱ ግን የጫማውን ማሰሪያ ማሰር ቀጠለ።

«መድኃኒቱን ስትሰጪኝ ለምን እንደዋጥኩት ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ብቻሽን መዋጥ ሰልችቶሽ መስሎኝ ነው።»

ይህ ከአባይነህ አፍ የወጣ ረጅሙ ንግግር ሳይሆን አይቀርም። የማርያምወርቅ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። እሱም ተነሣ፤ መድኃኒቱን እንድትጨርስ አዘዛት፣ የጀመረው ሥራ እንዳለበት ነገራት፣ ቁልቁለቱን ወረደ። ይቅር ይበላት አይበላት አልተናገረም፤ እሷም ልትጠይቀው አልደፈረችም።

መድኃኒቱን ሳታዛንፍ ወሰደች። ማታ ማታ ስልኳ ይጮኻል። አባይነህ ነው፤ ወሰድሽ ይላል፤ ወሰድኩ ትላለች፤ እሺ ብሎ ይዘጋል። ሌላ ወሬ የለም። ሥርጉት ጥቂት ቀን ተደበቀችና መጣች። ስለ የካ አባዶ የቀለደችውን ቀልድ መልሳ ብትውጠው ደስታዋ እንደሆነ ነገረቻት፤ የሚያሳክካት መልሶ ጀምሯት ስለነበር ያቺን የጊፍቲን ጤና ጣቢያም አያይዛ ጠየቀች። ከእሷ በኋላ ሌላ ሴት መጣች፣ ከዚያ ሌላ፤ ጎመን ሊገዙ እንደመጡ ሆነው ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው በሹክሹክታ ይጠይቃሉ። የማርያምወርቅ ግን አታንሾካሹክም። ከላይ ብቻ የሚያጭድ አትዋጪ፣ ሄደሽ ተመርመሪ ትላለች በዚያ ድምጿ፤ ረዳቱ ሳይቀር ይሰማል።

ማሳከኩ እየሳሳ ሄዶ አንድ ቀን ጨርሶ ጠፋ። ጊፍቲ ዳግም ናሙና ወስዳ ሳህኑ ላይ ዘራችው፤ ምንም አልበቀለበትም። ከታማሚዋ ይልቅ የተደሰተችው እሷ ናት። ባዶውን ሳህን እንደ ሙሽራ ፎቶ በስልኳ አሳየቻት።

የማርያምወርቅ ከዚያ ወጥታ ጉልቷን አልዘረጋችም። መገናኛ ሄዳ የየካ አባዶን ሰልፍ ያዘች። ያን ሁሉ ዘመን በሐሳቧ የሄደችበትን ቦታ በዓይኗ አይታው አታውቅም። መንገዱ አያልቅም፤ እንቅልፍ ወሰዳት፣ ነቃች፣ አሁንም መንገድ ነው። ሕንጻዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነውባት ዞረች፣ ጠየቀች፣ አገኘች። ዘበኛውን የአናጢው ሚስት ነኝ ስትለው ከእግሯ እስከ ራሷ አያት።

«እሱን የሚጠይቅ ሰው አለ እንዴ?» አለ።

ቤቱ ገና አላለቀም። ጥግ ላይ ካርቶን ተነጥፎ ፍራሽ ተጥሎበታል፤ ከምስማር ላይ ጃኬት ተንጠልጥሏል፤ አንድ ብረት ድስት፣ አንድ ጆግ። በሌላው ሁሉ የእንጨት ቅርፍት። ቅናቷ ያን ሁሉ ያስጌጠችው ቤት ይኼ ነው። አባይነህ ግማሽ የቆመ ቁም ሣጥን ፊት ተንበርክኮ ነበር። ሲያያት ካቻቪቴው ከእጁ ወደቀ።

«ውሽማህን ልይ ብዬ መጣሁ» አለችው።

አባይነህ ወደ ቁም ሣጥኑ በአገጩ ጠቆመ።

«ይቻት። ከሰኞ ጀምሮ በሯ አልገጥምም ብሎኛል።»

ያ ሳቅ አመለጣት፤ ባዶው ሕንጻ ተቀብሎ እስከ ላይኛው ፎቅ አስተጋባው። የእሱም ትከሻ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሳቋ ሲያልቅ ዓይኗ እርጥብ ነበር፤ አባይነህ፣ በድዬሃለሁ፣ ያን መሐላ የጠየቅኩህ እንደምትፈራው እያወቅኩ ነው አለችው። እሱም ወለሉን እያየ፣ ልምል ነበር እኮ አለ፤ እጄ በሩን ይንካ አይንካ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ያን ያህል ፈርቼ ነበር አለ። ከዚያ ካቻቪቴውን አነሣ።

«ነይ ይሄን በር ያዢልኝ። ቀጥ አድርገሽ።»

ያዘችለት። እሱ ማጠፊያውን አስጠግቶ ብሎኑን ማጥበቅ ጀመረ፤ ትንሽ ከፍ ሲላት ከፍ አደረገች፣ ዝቅ ሲላት ዝቅ። በሩ ገጠመ። አባይነህ ሁለቴ ከፍቶ ዘጋው፣ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ጃኬቱን ከምስማሩ አወረደ። ተያይዘው ሲወጡ ዘበኛው ከወንበሩ ተነሥቶ አሳለፋቸው። የሚኒባሱ ሰልፍ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ተዘርግቶ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ሄደው ቆሙ፤ ሁለቱም አልቸኮሉም።